ማን ሠራሽ?

ለአበልጄ፣

ክረምቱ እንደምን አለፈልሽ? ጉልበትሽስ ብርዱን ቻለው? ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅሽ ግን ስለ ጣቶችሽ ነው። ጣቶችሽ እንደምን አሉ? እንዳይደነዝዙብሽ አደራ፤ ለቅዳሜው ምርቃት ያስፈልጉሻል። እኛ ቤት ሳህሉ ከዚያች አሮጌ መኪናው ጋር እየተጨቃጨቀ ደህና አለ። የክርስትና ልጅሽ ሆሳዕናም ደህና ናት፤ ቁመቷ ደረቴ ጋ ደርሷል። እኔም ከራሴ በቀር ደህና ነኝ።

«ከራሴ በቀር» ያልኩትን እንደ ቀልድ አትለፊው። ይህ ደብዳቤ ስለ ራሴ ነው፤ አንገቴ ላይ ስላለው ራስ።

ስልክ ያልደወልኩልሽ ስለማውቅሽ ነው። ገና ድምፄን ስትሰሚ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ እኔ እሸነፋለሁ፤ ተሸንፌም «ይሁን፣ ምን ይደረግ» ብዬ እዘጋለሁ። ስንቴ እንዲህ ዘግቻለሁ! ወረቀት ግን ለቅሶ አይሰማም። ሳህሉ ባንቺ ሠፈር በክሪስታል በኩል ሲያልፍ በርሽ ሥር ይጥልልሻል። ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም፤ እንዳትጠይቂው።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስመለስ በድሮው ሠፈራችን በፊሊፕስ በኩል አለፍኩና አዲሱን ሱቅሽን አየሁት። አምሮበታል፤ ያማረውን አላማረም አልልም። በሩ ላይ «ሆሳዕና ሹሩባ ቤት» ይላል። ልጄን ክርስትና አንሥተሻልና ስሟ ላንቺም ይገባል እንበል። መስኮቱ ላይ ያለው ፎቶስ የማን ነው? መኪናዬን ማቆም በማይፈቀድበት አቆምኩና ወርጄ አየሁት። እኔ ነኝ። ሆሳዕና በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሣች ዕለት፣ አልባሶ ተሠርቼ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አንገቴን ዘንበል አድርጌ፣ ግማሽ መስኮት ሞልቻለሁ። ጸጉሬ ግንባሬ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ተነሥቶ፣ መሥመሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ሲሄዱ፣ ራሴን አላመንኩም።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት ሕፃኗን በጋሪ እየገፋች መጣች። ፎቶውን አየችና ወደ እኔ ዞራ፣ እንዲህ ያለ ጸጉር ቢሰጣት ቀኑን ሙሉ ከመስታወት ፊት እንደማትነሣ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ፊቴን አየች፣ ሻርፔን አየች፣ መልካም ቀን ተመኝታልኝ ሄደች። አላወቀችኝም። ለእኔው ስለ እኔ ነገረችኝ፣ አበልጄ፤ መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ያወጣሁትን ድምፅ ሰው አልሰማኝም።

በመስታወቱ ውስጥ አሻግሬ ሳይ ደግሞ ግድግዳው ላይ በወርቅማ ቀለም «ካላመመ አልያዘም» ብለሽ አጽፈሻል። ጎሽ! ያ ሁሉ ሴት ሱቅ ሳይኖርሽ የቤትሽ ቤዝመንት ውስጥ ጥርሱን ነክሶ የተቀመጠው በዚህ ቃል አይደለም? ሲጨርስ ግንባሩ ተወጥሮ፣ ዓይኑ ወደ ጆሮው ተስቦ፣ የራስ ምታት መድኃኒት ውጦ፣ አመስግኖ የሚወጣው በዚህ ቃል ነው። አሁን በወርቅ ተጻፈ።

እሺ፣ የማታውቂውን ልንገርሽ። ወይም የምታውቂውን።

ጥምቀት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ሆሳዕና ግንባሯ ዳር፣ ጸጉሯ በሚጀምርበት ላይ፣ ትንንሽ እብጠት ወጣባት፤ ጫፉ መግል የቋጠረ። አንቺ ለበዓሉ የሠራሻት ሹሩባ ገና አልተፈታም ነበር። ጭንቅላቷን ትራስ ላይ ማሳረፍ አቅቷት «ማሚ፣ ኢት ኸርትስ» ትለኛለች። ምን አልኳት መሰለሽ? «ካላመመ አልያዘም» አልኳት። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ልጅቷም እንደ ትልቅ ሰው ዝም አለች። ያ ዝምታዋ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

ሐኪም ጋ እንድወስዳት ያደረገችኝ ማን እንደሆነች ብነግርሽ ታፍሪያለሽ። ገላኔ ናት፤ ኢገን፣ የአዛውንቶች መጦሪያው ውስጥ አብራኝ የምትሠራው። «ዓይኗ ነው ጸጉርሽን የበላው» ያልሽኝ ገላኔ! ያኔ ምሳ ስንበላ ጸጉሬ ማማሩን ነግራኝ፣ ነገር ግን አሠራሩ በጣም መጥበቁን፣ ቆዳዬ ከሥሩ መቅላቱን፣ ቢላላ እንደሚሻል ብትነግረኝ ለአንቺ አወራሁልሽ። አንቺም እጅሽን ከጸጉሬ ሳታነሺ «ያደነቀ ዓይን ነው የሚበላው፣ ራቂያት» አልሽኝ። ራቅኋት። ያን ክረምት በሙሉ ከእሷ ጋር ላለመቀመጥ ምሳዬን በረዶ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ በላሁ። የሰው ዓይን ፈርቼ የሰው እጅ በላኝ።

ገላኔ ቂም አልያዘችም። የልጅቷን ግንባር ስታይ የእኅቷም እንዲሁ ጀምሯት እንደነበር ነገረችኝና የቆዳ ሐኪሟን ስም ሰጠችኝ። ሐኪሟ መጀመሪያ ልጅቷን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝና ሻርፔን እንድፈታ በትሕትና ጠየቀችኝ። ባሌ ሳህሉ ፊት እንኳ ፈትቼው አላውቅም፤ ታውቂያለሽ። ቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ስስብ ሴቶቹ «ምን ያለች መንፈሳዊ ናት» ይላሉ፤ ሳህሉም «ከእኔ ተደብቀሽ መነኮስሽ እንዴ?» ብሎ ይቀልድ ነበር፤ ኋላ መቀለዱንም ተወው። እዚያ ወንበር ላይ ግን ፈታሁት። ሆሳዕና አየችኝ። አፏን በእጇ ያዘች።

ሐኪሟ ብርሃን ባለው መነጽር እያንዳንዱን ጥግ አየችው። ስሙ ትራክሽን አሎፒሺያ ነው አለችኝ። እኔ ስሙን በአማርኛ አወጣሁለት፤ «በመጎተት የመጣ መላጣ»። የጸጉር ሥር ቀን ከሌት ሲጎተት መጀመሪያ ያብጣል፣ መግል ይይዛል፤ ከዚያ ጸጉሩ ይሳሳል፤ ያኔ ቢለቁት ይመለሳል። አልለቅ ብለው ዓመት በዓመት ላይ ከጎተቱት ግን ቀዳዳው በጠባሳ ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ምንም አይበቅልበትም። ለሆሳዕና ቅባት አዘዘችላት፤ ሹሩባው ሁሉ ይፈታ፣ የሚቀጠል ጸጉር አይነካት፣ በላስቲክም ቢሆን ጠብቆ አይያዝ አለች። የእሷ ይመለሳል። ገና በጊዜ ነው የመጣችሁት ብላ ልጅቷን ጉንጯን ነካቻት።

እኔን በጊዜ ነው አላለችኝም። ዳር ዳሩ ላይ ሥሩ ያልሞተ አለ፤ ለእሱ ራስ ቆዳዬ ውስጥ መርፌ ትወጋኛለች፤ ጠዋትና ማታ የሚቀባ ሚኖክሲዲል የሚባል ጠብታም ሰጥታኛለች። ከጆሮዬ በላይ ያለው ግራና ቀኝ ግን ተዘግቷል። ዳስሺው አለችኝ፤ ዳሰስኩት፤ እንደ ሕፃን ተረከዝ ለስላሳ ነው። እዚያ ጸጉር የሚታየው ከኋላ ተነቅሎ ቢተከል ብቻ ነው፤ እሱም ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከሆነ።

ያንቺን ቅባት ነገርኳት፤ ጉሎ ዘይቱን፣ የሽንኩርት ጭማቂውን፣ ለጋ ቅቤውን። አልሳቀችብኝም። የተነቀለ ሥር በዘይት እንደማይመለስ ነገረችኝና፣ ከቅባቱ በኋላ ምን ታደርጊ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ከቅባቱ በኋላማ አንቺ ነሻ! ሳሳ ስልሽ አጠበቅሽው፤ ተነቀለ ስልሽ ሰው ሠራሽ ጸጉር ቀጠልሽበት፤ ያ ሲከብድ የቀረውንም ይዞት ወረደ። በሳሳው ላይ ጠብቆ መሠራት የመጨረሻው ክፋት እንደሆነ አስረዳችኝ። እኔ በየወሩ ክሪስታል ድረስ እየነዳሁ የመጨረሻውን ክፋት ስቀበልና ስስምሽ ኖርኩ።

ከዚያ መስታወት ይዛ አንድ ነገር አሳየችኝ። ፊት ለፊት፣ ግንባሬ ጠርዝ ላይ፣ ሹሩባው ያልያዛት ቀጭን የጸጉር መሥመር ቀርታለች፤ ከኋላዋ ባዶ፣ ከፊቷ ባዶ። የዚህ ነገር ምልክቱ እሷ ናት፤ እሷን ካየች ሌላ ብዙ መጠየቅ አያስፈልጋትም፣ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች አለችኝ። ጠየቀችኝም፦ ማን ነው የሚሠራሽ?

ሳቅኩ፣ አበልጄ። ያ ጥያቄ የሕይወቴ ጥያቄ አይደለም? ጸጉሬ ሳለ በየክርስትናው፣ በየሠርጉ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር «ማን ሠራሽ?» ሲሉኝ ያንቺን ስም እንደ ምስጋና ስጠራ ኖርኩ። ደንበኞችሽን አንድ በአንድ በራሴ ላይ ተሸክሜ ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ። ለሐኪሟም ስምሽን ነገርኳት።

ቀጭኗን መሥመር ግን ከዚያ በፊት አይቻታለሁ። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ሳለሁ ነው ትዝ ያለኝ። ያየኋት አንቺ ላይ ነው።

የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን የሆንሽ ጊዜ ሌላ ሰው አይንካኝ ብለሽ እኔ ላጥብሽ ሐኪም ቤት መጣሁ። ሻሽሽን ልፈታ ስል እጄን ያዝሽኝ። ስፈታው አየሁ፤ ጎንና ጎኑ ባዶ፣ ከፊት አንድ ቀጭን መሥመር። «የደም ማነስ ነው፣ አደራ ለሰው እንዳትነግሪ» አልሽኝ። ብዙ አየሽኝ። ከንፈርሽ ተንቀሳቀሰ፣ አንድ ነገር ልትይ ነበር፤ ከዚያ «ሆድ ይፍጀው» ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። እኔ ሞኟ የደም ማነስ ይሆናል ብዬ ጉበት ጠብሼ ማመላለስ ጀመርኩ!

ታውቂ ነበር። ሆድሽ የፈጀው ይህንን ነው። የራስሽ ራስ ምን እንደደረሰበት እያወቅሽ እኔን ጉልበትሽ ሥር አስቀመጥሽ፤ እኔ ሳልበቃሽ ልጄን አስቀመጥሽ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ላንቺ ነው። አሁን ደግሞ ሪባን ትቆርጫለሽ፣ ቄስ ትጠሪያለሽ፣ በሥጋ ወጥ ሰው ትጋብዣለሽ። ረስተሽዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ይህን በደንብ አንብቢው።

ደግሞስ በማን ሙያ ነው? መጀመሪያ ከአገር ቤት የመጣን ሰሞን ፊሊፕስ ውስጥ አንዲት ክፍል ተጋርተን ስንኖር ሹሩባ መሥራት ታውቂ ነበር? የማበጠሪያ አያያዝ እንኳ አታውቂም ነበር። ከእናቴ የወረስኩትን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ከሥራ ስናርፍ ጉልበቴ ሥር እየተቀመጥሽ፣ የሠራሁትን በጣትሽ እየዳሰስሽ ነው የተማርሽው፤ መሥመር እንዴት እንደሚወጣ፣ ጉንጉኑ ከሥሩ እንዴት ተይዞ እንደሚጀመር። እንባሽ እየወረደ ትስቂ ነበር፤ «እጅሽ ብረት ነው» ትይኝ ነበር፤ እኔም እናቴ ትለኝ የነበረውን ቃል እመልስልሽ ነበር። ከእኔ በቀር ሰው ጸጉርሽን አላስነካሽም። በኋላ ሻሽ ማሰር ጀመርሽና «የሠራተኛ ጸጉር ማን ያየዋል» ብለሽ ቀለድሽ፣ እሑዳችንም ቀረ። ያኔ ያስተማርኩሽ ሙያ ነው ዛሬ ሱቅ የሆነልሽ፤ የእኔን ራስ ላጭቶ። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

እንግዲህ ቅዳሜን ስሚ።

እመጣለሁ። ሳትጠሪኝም እመጣ ነበር። ፎቶው ላይ ያለውን ያንኑ ቀሚስ እለብሳለሁ፤ ክንዱ ጠበብ ቢለኝም ይገባኛል። ቄሱ ጸበሉን ረጭተው እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ፤ እግዚአብሔርን አላቋርጥም። ሰው ሳህን ሳህኑን ይዞ ሲቀመጥ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣ ከራሴ ፎቶ ሥር እቆማለሁ፣ ነጠላዬን አወርዳለሁ። አልጮኽም። አልሳደብም። ቆሜ እጠብቃለሁ። ማሚት ትኖራለች፣ ኢየሩሳሌም ትኖራለች፣ እነዚያ ከቅዳሴ በኋላ ጸጉር የሚገመግሙት ሁሉ ይኖራሉ። ወደ ላይ ፎቶውን ያያሉ፣ ወደ ታች እኔን ያያሉ። መጀመሪያ ይደነግጣሉ። ከዚያ የእኛን ሴቶች ታውቂያቸዋለሽ፣ አፍ ልማድ አለው፣ አንዷ ሳታስበው ትጠይቀኛለች። ማን ሠራሽ? ያኔ ስምሽን በሙሉ፣ ከነአባትሽ ስም፣ እጠራለሁ። አማርኛ ለማይሰሙት ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ እደግመዋለሁ። ከዚያ ወጥሽን በልቼ እሄዳለሁ። ነገር አስቤ እንደዚህ ጣፍጦኝ አያውቅም፤ ዕቃ ሳጥብ ለብቻዬ እስቃለሁ።

«ዓርብ ሆሳዕናን አምጫት፣ ለምርቃቱ ልሥራት» ያልሽውንም እርሺው። ጣትሽ ልጄን አይነካትም።

ከዚህ ሁሉ የምትድኚበት አንድ መንገድ አለ። እኔ ከመነሣቴ በፊት አንቺ ተነሺ። ቄሱ ፊት፣ ሴቶቹ ፊት፣ በወርቅ ካጻፍሽው ቃል ሥር ቁሚና ሻሽሽን ፍቺ። እንዲያዩሽ። እኔን ባዩበት ዓይን አንቺንም ይዩሽ። አንዷም ትጠይቅሽ፤ አንቺንስ ማን ሠራሽ? ያኔ አንቺም ስም ትጠሪያለሽ፤ የማንን ስም እንደምትጠሪ እኔም ቆሜ እሰማለሁ፣ የማንን

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ትቼው ነበር።

ሆሳዕና ታጥባ ጸጉሯን ፈትታ መጣችና አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ግንባሯ ላይ ጨቅላ ጸጉር ብቅ ብቅ ብሏል፣ ብታዪው። ሰፊ ጥርስ ያለውን ማበጠሪያ አነሣሁ። እጄ ገና ሳይደርስባት ትከሻዋን ሰበሰበች፣ አንገቷን ቀበረች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ጉልበቴ ሥር ተቀምጦ እንዲህ የሚሰበሰብ ሌላ ሰው አውቅ ነበር፤ እንባው እየወረደ የሚስቅ።

እስከ ጨለማ ድረስ አበጠርኳት፤ እንዳልጎትታት እየፈራሁ። «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ብዕሩን መልሼ አነሣሁ።

ይቅር አላልኩሽም። «አንቺም ይቅር በይኝ» አላልኩሽም። ከላይ የጻፍኩትን ተረት አልሰርዘውም፤ የወጋው ማን፣ የተወጋው ማን እንደሆነ ካንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ሐኪም ቤት ፊትሽን ወደ ግድግዳው ከማዞር ብትናገሪው ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ ሆድሽን ለምን አስፈጀሽው? ይህንን ግን በእውነት ተናድጄ ነው የምጠይቅሽ።

ፎቶዬን አውርጂው። የሐኪሟን ስልክ በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ፤ ብቻሽን መሄድ ከፈራሽ አብሬሽ እቀመጣለሁ። ቅዳሜ ነጠላዬን ለብሼ እመጣለሁ፤ ሆሳዕናም ጸጉሯን ፈትታ ትመጣለች። ማን ሠራሽ ካሏት ማንም አልሠራኝም ትላለች።

እግዚአብሔር አዲሱን ቤትሽን ይባርክልሽ። ጣቶችሽን ያላላልሽ። ወደ ሱቅሽ የገባች ሁሉ ጸጉሯን ይዛ ትውጣ።

ሻሽሽን እንዳትፈቺ። «ካላመመ አልያዘም» የሚለውንም ሰው ሳይመጣ ከግድግዳው አስጠፊው፤ ያንቺ ቃል አይደለም።

አበልጅሽ